የባባን ሰንጢ ስስል

ከአሰሪዬ ቤት ከወጣሁ በኋላ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ውስጥ ከአራት የወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ቢላ የደነዘባት ሁሉ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው፣ ቢላውን በፌስታል ጠቅልለው፣ «እስቲ እንደለመድሽው አድርጊልኝ» ይሉኛል። እኔም ጨርቄን አንጥፌ ድንጋዬን አወጣለሁ። አንዷ የደሴ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም። «አንቺ ግን ይኼን ሙያ ከየት አመጣሽው? አባትሽ ሉካንዳ ነበረው እንዴ?» አለችኝ። «ከፊሌ ነው ያስተማረኝ» ስላት ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ከፊል ደግሞ ምን ያስተምራል? ከፊል ፓስፖርት ይደብቃል እንጂ! እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። የቀረውን አልነገርኳቸውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሳወራው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

ከፊል የምንለው በስሙ ያስመጣንን አሰሪ ነው። የእኔ ከፊል ባባ ነበር። ጅዳ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው፤ ላይ ማዳምና ባሏ ከአራት ልጆቻቸው ጋር፣ ምድር ቤት ደግሞ ባባ፣ የማዳም ባል አባት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የወጣው በእሱ ስም ነው። ከአገሩ ልውጣ ብል ኹሩጅ፣ ማለትም የመውጫ ቪዛ፣ የሚያስወጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ሰማንያ ያለፈው ሰው ነው። አገሬ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው፤ በዐረብኛ አንቱ የለም፣ አንተ እንዳልኩት ቀረ። ልብሱን አጥባለሁ፣ መድኃኒቱን አቀርባለሁ፣ ጫማውን አደርግለታለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ነበር ብዬም አፌን ሞልቼ አልናገርም። ዝምተኛ ነው፣ እኔም ዝም ብያለሁ፣ እንዲያው ተስማማን።

ባባ አንዲት ሰንጢ ነበረችው። እጀታዋ ቀንድ፣ ጫፍና ጫፏ ነሐስ፣ ስለቷ የመሃል ጣቴን ታክላለች። ስትከፈት ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ድሮ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር የነበረው የአባቱ ቤት ሐጃጆች ያርፉበት ስለነበር፣ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ሐጃጅ ሲሰናበት ለአባቱ የሰጣት ናት ይላል። ብርቱካን ይልጥባታል፣ መፋቂያውን ያበጅባታል፣ ሌላ ሥራ የላትም። የመፋቂያው ጫፍ ሲያረጅ ቆርጦ ይጥላል፣ የአዲሱን ጫፍ ቅርፊት ይልጣል፣ ከዚያ ያኝከዋል። በየሶላቱ እንዲህ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን መሳሉ አቃተውና ሰንጢዋ ደነዘች። ቅርፊቱ ይቦጫጨቃል፣ እሱ ይበሳጫል።

እኔ ደግሞ ደግ መሥራቴ ነው። አንድ ቀን ባባ የዐስርን ሶላት ሰግዶ ጋደም ሲል ሰንጢዋን ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ። እኛ አገር ቢላ የሚሳለው ባገኘነው ነው፤ በደጃፍ ድንጋይ፣ በሲኒ ቂጥ፣ በሲሚንቶ። ብረቱ ላይ አዲስ ነጭ ጭረት ከታየ ተስሏል ማለት ነው፣ አለቀ። እኔም የጣራው ግንብ ጠርዝ ላይ እንትፍ ብዬ እንደ ማጭድ ፈተግኳት። መስተዋት የመሰለው ፊቷ የድስት ቂጥ ሆነ። እኔን ግን ኩራት ኩራት ብሎኝ አምጥቼ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኳት።

ሲነሳ ከፈታት። አየኝ። እንደ ማዳም ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አውራ ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳለፈ።

«በምን ሳልሻት?»

«በግንቡ።»

«በግንቡ!» አለና ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አወጣ። «አባቴ ይኼን ቢያይ ከመቃብሩ ተነስቶ ይመታኝ ነበር።» ከዚያ ቁም ሳጥኑን አስከፈተኝ፣ ከልብሶቹ ስር አንድ የእንጨት ሳጥን አስወጣኝ። «አንቺ አበላሸሻት፣ አንቺው ታስተካክያታለሽ። ቁጭ በይ።»

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አለ። አንዱ ግራጫና ሻካራ ነው፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። አንድ ትንሽ የዘይት ጠርሙስና አንድ የቀበቶ ቁራጭም አለ። ከድንጋዮቹ ስር ደግሞ አንዲት ትንሽ መሳቢያ አለች፤ ባባ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ ያለፈ የቀን መቁጠሪያ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እዚያ ይከታል። ስለት የሚፈተነው በወረቀት ነው። የተቆረጠውም አይጣልም፣ ዘይት ይጠረግበታል።

ከዚያ ጀምሮ በየጁምዓው፣ ማዳምና ባሏ ልጆቹን ይዘው ዘመድ ቤት ምሳ ሲሄዱ፣ እኔና ባባ ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን። «መጀመሪያ እያት» ይላል። ስለቷን ወደ መስኮቱ አቅንቼ አያታለሁ። የደነዘ ስለት ብርሃን ይመልሳል፣ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል፤ የሰላ ስለት ምንም አያሳይም። ከዚያ ሻካራው ድንጋይ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት። ጀርባዋ ከድንጋዩ ከፍ የሚለው ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ ከስሯ የሚገባውን ያህል ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን የእውነት ሳንቲም አስቀምጦ ነው ያስለመደኝ። ከዚያ ስለቷን አስቀድሜ፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን የምገፍፍ ይመስል፣ ከእጀታዋ እስከ ጫፏ እገፋታለሁ። መጫን የለም። «ምን አጣደፈሽ፣ ድንጋዩ ራሱ ይሠራዋል» ይለኛል።

አንዱን ፊት ብቻ እደጋግማለሁ፣ በማዶው በኩል ብረቱ ጥፍር እስኪያወጣ ድረስ። ጥፍር ያልኩት ዐይን የማያየው፣ አውራ ጣት ሲዳስሰው ቆዳ የሚይዝ ሻካራ ነገር ነው። ከእጀታዋ እስከ ጫፏ እኩል ካልወጣ ገና ነው ማለት ነው። ሲወጣ ገልብጬ ያንኑ ያህል በሌላው ፊት። ቀጥሎ ጥቁሩ ድንጋይ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ እጄን እያቀለልኩ እያቀለልኩ። በመጨረሻ ቀበቶው። ቀበቶው ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጀርባዋ ይቀድማል፣ ስለቷ ይከተላል፣ አለዚያ ቆዳውን ትበላዋለች።

ጭረቱን ለማጥፋት ስንት ጁምዓ ፈጀብኝ! ደግሞም ጨርሶ አልጠፋም። ሥራውን ወደድኩት ልበል? እንጃ። ድንጋዩ ላይ እያለሁ ምንም አላስብም፣ ያ ይበቃኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ደወለ። ቤታችን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው። «እማን ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት አለን» አለኝ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። «አንቺን ብቻ ነው የምትጠራው። ድረሽ» አለኝ። ከቤት ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነበር፤ ኮንትራቴ የሁለት ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ እናቴ ዐይኗን ሳትከድን መድረስ።

ማዳምን ጠየቅኋት። «ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ» አለችኝ፣ ዒዱ አምስት ወር ይቀረዋል። ባሏን ጠየቅሁት። «ከፊልሽ አባቴ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጁምዓ ሲደርስ ድንጋዩን ከማውጣቴ በፊት ለባባ ነገርኩት። «እናቴ ልትሞት ነው። ኹሩጅ ስጠኝ።» በዚሁ ቃል፤ ለልመና የሚሆን ዐረብኛ የለኝም።

እጅጌውን ሰብስቦ የክንዱን ነጫጭ ፀጉር አሳየኝ። «ሰንጢዋ ይኼን ፀጉር እንደ ምላጭ የላጨች ቀን ትሄጃለሽ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። የእናቴ ነፍስ ልትወጣ እሱ ጨዋታ ያምረዋል! «ወላሂ?» አልኩት ጥርሴን ነክሼ። «ወላሂ» አለ። አሁን ሳስበው የቀለደ አይመስለኝም። የጀመርኩትን እንድጨርስለት ፈልጎ ይሆናል። ወይም ብቻውን መቅረቱን ፈርቶ ቀን ማራዘሙ ነው። ያኔ ግን ወላሂ ያለ ሰው ነው ብዬ ቃሉን ያዝኩ።

ጁምዓ ብቻ መጠበቅ ተውኩ። በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቱ ሸለብ ሲያደርገው ሰንጢዋን አወጣለሁ። ጣቶቼ ተቆራርጠው በፕላስተር ተሸፈኑ፣ ማዳም «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ሽንኩርት» እላለሁ። ወረቀት ትቆርጣለች፣ ፀጉር ግን አትነካም። ክንዱ ላይ ሳሳልፋት ፀጉሩ ይተኛና ተመልሶ ይቆማል። ባባ ራሱን ይነቀንቃል።

በመሃሉ ለዑምራ መካ ሄድን። የሚነዱት ሹፌራችን ናቸው፤ የጅማ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ በዚያ ቤት አማርኛ የማወራቸው ብቸኛ ሰው። ባባን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ካዕባን እየዞርኩ ጠዋፍ አደረግሁ። ካዕባ ፊት እጄን ያነሳሁት «ያ አላህ እናቴን አቆይልኝ» ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው «ያ አላህ ጥፍሩን እኩል አውጣልኝ» ሆነ። በራሴ አፈርኩ። ዙሪያዬን ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ የወንበሩን ጎማ አያለሁ። ስንመለስ ማዳም ዑተይቢያ ላይ መኪናውን አስቁማ የወጥ ቤት ቢላዎቿን በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስል ሰው ሰጠች። እሳቱ ሲፈናጠር ባባ ፊቱን አዞረ። «ብረቱን አቃጠለው፣ እንዲህ የተሳለ ነገ ይደንዛል» አለኝ። «የእኛዋን ለማንም እንዳትሰጪ።»

ከመካ በተመለስን በሁለተኛው ጁምዓ ሆነ። ስለቷን በመስኮቱ ሳያት ምንም አላየሁም፣ ከስር እስከ ጫፍ ምንም። ባባ ክንዱን ዘረጋ። እንዳይንቀጠቀጥ አንጓውን በግራ እጄ ያዝኩና በስሱ አሳለፍኳት። ፀጉሩ ስለቷ ላይ ተኝቶ ቀረ። ክንዱ ላይ አንድ ጣት የሚያህል መላጣ ወጣ።

«ማሻአላህ» አለ። «ኸላስ፣ በቃ። ትሄጃለሽ።»

እጁን ሳምኩት። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ፣ «እመጣለሁ በላት» አልኩት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። መናገር አልቻለችም፣ ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ። ጋሼ ሹፌሩም በዚያው ሳምንት ለሦስት ወር እረፍት አገር ገቡ። ስንብት እንኳ አላደረስንም፣ ሌሊት ነው የወጡት። አልቀናሁባቸውም፤ የእኔም ተራ ደርሷል ብዬ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ባባ ስለ ኹሩጁ ምንም አላነሳም። ሳጥኑን አስቀመጥኩ። እሱ የዚያን ቀን የሚያየው ድንጋዩን ሳይሆን እኔን ነበር፤ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ። የሥራዬ ነገር ደስ ብሎት መሰለኝ። ሰንጢዋን ስዬ ጨርሼ የምፈትንበት ወረቀት ላወጣ መሳቢያዋን ሳብኩ። ከላይ ያገኘሁት አራት እጥፍ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ስስ ነው፣ ይኼ ግን ድርብርብ ስለሆነ ለፈተና ይሻላል አልኩ። እንደታጠፈ ይዤ ከላይ ወደ ታች አወረድኳት። አልያዛትም፣ አልጎተታትም። ቀጥዬ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ባባን አየሁት። ፈገግታው ጠፍቷል። አንድ ነገር የት እንዳስቀመጠ እንደጠፋበት ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ቁራጮቹን ያያል።

«ማሻአላህ» አለ ቆይቶ። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ ባባ» አልኩት፣ የሚቀልድ መስሎኝ። በአንዱ ቁራጭ ዘይቱን ጠርጌ የቀረውን መሳቢያዋ ውስጥ መለስኩት።

አልቀለደም። ከዚያ ወዲያ በየጁምዓው «ማን ነው ያስተማረሽ?» ሆነ። «ባባ ኹሩጄስ?» ስለው «የቱ ኹሩጅ?» ይለኛል። «ወላሂ ብለኸኝ የለም እንዴ!» ስለው ያዝናል፣ «ኢንሻአላህ፣ ከዒድ በኋላ» ይላል፣ ማዳም ስትል የሰማውን። ማዳም «እሱ እየረሳ ነው፣ አታስቸግሪው» አለችኝ። መርሳቱን አላመንኩም። እንደሚመቸው የሚረሳ መሰለኝ። ወላሂ ብሎ ካደኝ አልኩና ጠላሁት። መድኃኒቱን ሳቀርብለት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌ ነበር የማስቀምጠው። እሱም ያንንም ይረሳዋል።

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጁምዓ ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰንጢዋ ሻካራው ድንጋይ ላይ ነበረች። «እማ አረፈች» አለኝ ወንድሜ። «ኢና ሊላህ» አልኩት። ሳለቅስ ሊሰማኝ ጠበቀ መሰለኝ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የሰንጢዋን አንድ ፊት ጨርሼ ነበር። ገለበጥኳትና ሌላውን ፊት ያንኑ ያህል ሳልኩ። ጥቁሩን ድንጋይ አወጣሁ። ቀበቶውን ያዝኩ። ባባ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፣ «ምንም» አልኩት። ከዚያ ተነስቼ ለማታ የሚሆን ሩዝ ለቀምኩ። እንባ መጥቶ ቢሆን አለቅስ ነበር። አልመጣም። ረመዳኑም ዒዱም አለፈ።

ከዒድ በኋላ ጋሼ ከእረፍት ተመለሱ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«አንቺ ልጅ! ገና አለሽ እንዴ?»

«የት ልሂድ ጋሼ?»

«እንዴ! ኹሩጅሽ ወጥቶ የለም ወይ? እኔው በመኪና ወስጃቸው! ‹ክንዴን ላጨችው› ብለው በማግሥቱ እኮ ነው ያስነሱኝ። አሳትመው አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱት በዐይኔ አይቻለሁ። ‹እንዳትነግራት፣ የሰንጢዋ ሳጥን ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ራሷ ታግኘው› ብለው አስማሉኝ። ሁለት ወር ያገለግላል ሲሉ ሰምቼ፣ ይኼኔ እናቷ ጋ ገብታለች ብዬ ነው የማውቀው።»

ሻንጣቸውን ተቀብዬ አስገባሁላቸው። ሻይ ቀዳሁላቸው። ከዚያ ወደ ባባ ክፍል ሄጄ ሳጥኑን አወረድኩ።

መሳቢያዋ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ቁራጮች ናቸው፣ ሌላውን ዘይት ጠርጌበት ጥያለሁ። ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። በልጅነቴ ቁርአን ቀርቻለሁ፣ ዐረብኛ ፊደል አላጣውም፣ የስሜን ፊደል ደግሞ ኢቃማዬ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። አንዱ ቁራጭ ላይ የስሜ ግማሽ አለ። ሌላው ላይ የአባቴ ስም፣ መጨረሻው የለም። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም ያን ቀን ያላነበብኩት። ወረቀቱን ገልጬው አላውቅም፤ የማየው ጠርዙን ብቻ ነበር። ጠርዙ አሁንም ያምራል፣ አንድ ክር አልተቦጨቀም። በጣቴ ቆጠርኩ። እናቴ የሞተች ቀን ወረቀቱ ሊያልፍበት ገና ዐሥር ቀን ይቀረው ነበር።

ለማዳም ባል ነገርኩት። ስልኩን ነካካና «እውነት ነው፣ ወጥቶ ነበር፣ አልፎበታል» አለ። «ታዲያ ለምን አልሄድሽም?» አለኝ። «ከሐጅ በኋላ እናሳድስልሻለን» አለ። «አያስቸኩልም» አልኩት።

ጁምዓ ደረሰ። ሳጥኑን አወረድኩ። ለምን እንዳትሉኝ፣ ጁምዓ ስለሆነ ነው። ሰንጢዋን በመስኮቱ አየኋት፣ ዘይቱን ጠብ አደረግሁ፣ አንዱን ፊት፣ ሌላውን ፊት። ባባ ሳልጠይቀው ክንዱን ዘረጋልኝ። አንጓውን ያዝኩ። ፀጉሩ ስለቷ ላይ ተኛ።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» እስኪለኝ ስጠብቅ ፊቱ በራ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ሲለው አላየሁም።

«ያ ቢንቲ!» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ወረቀትሽ እኮ ሳጥኑ ውስጥ ነው! ወላሂ ብዬሽ የለም? እዚህ ምን ያስቀምጥሻል? ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

መሳቢያዋን በዐይኑ ያሳየኛል።

«አገኘሁት ባባ» አልኩት። «አላህ ይስጥልኝ።»

ሰንጢዋ ገና ዘይት ነበረባት። መሳቢያዋን አልከፈትኩም፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኋት።